የሦስት ሚሊ ሜትር ጋሻ

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማነሣቸው ጉዳዮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የሰው ልጅ በዩኒቨርስ ውስጥ ያለው ትንሽነት፣ ሁለተኛው የምንኖርባት ምድር በቀላሉ ተጎጂነት። ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር ተጣብቀው ሲነገሩ እሰማለሁ። «ትንሽ ነን፤ ትንሽ ስለሆንን አቅም የለንም፤ አቅም ስለሌለን የምንሠራው ለውጥ አያመጣም፣ የምናጠፋውም ያን ያህል አይጎዳም» ይባላል። ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያዋን ሐረግ ብቻ እቀበላለሁ። ትንሽ ነን። የቀረው ግን ከትንሽነታችን የሚከተል አይደለም፤ በዚህችው ምድር ላይ የሆነውም ተቃራኒው ነው። ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ላሳስብ።

ትንሽነታችንን ካወቅን ብዙ ጊዜ አልሆነንም፤ መቶ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። በ1920 ሃርሎ ሻፕሊ እና ሂበር ከርቲስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በዋሽንግተን መድረክ ላይ ቀርበው ተከራክረው ነበር። በቴሌስኮፕ ሲታዩ እንደ ጉም ብዥ የሚሉ ጠመዝማዛ ነገሮች ሰማይ ላይ አሉ። ሻፕሊ እነዚህ እዚሁ ፍኖተ ሐሊብ በምንለው የእኛ ጋላክሲ ውስጥ ወይም በአቅራቢያው ያሉ ናቸው፣ ከእሱ ሌላ የሚወዳደረው ጋላክሲ የለም ባይ ነበር። ከርቲስ በበኩሉ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ሩቅ ጋላክሲዎች ናቸው አለ። ክርክሩ ሳይቋጭ ተለያዩ፤ የእነዚያን ጉም መሳይ ነገሮች ርቀት በእርግጠኝነት የለካ ሰው አልነበረማ።

መለኪያው ግን ከክርክሩ ስምንት ዓመት በፊት ተገኝቶ ነበር። ያገኘችው ሄንሪየታ ሌቪት ናት። በሃርቫርድ ኮሌጅ የሥነ ፈለክ ጣቢያ ተቀጥራ የምትሠራ፣ ጆሮዋ እየደከመ የሄደ፣ ደመወዟም አነስተኛ የሆነ ሴት ነበረች። ሥራዋ በቴሌስኮፕ ሰማይን መመልከት አልነበረም። ሌሎች ያነሷቸውን ፎቶግራፎች መመርመር ነበር። ፎቶግራፎቹ በመስታወት ላይ የተነሡ ናቸው፤ ሰማዩ ነጥቶ፣ ኮከቦቹ ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። በተለያየ ሌሊት የተነሡ መስታወቶችን አነባብራ ትይዝና ነጥብን ከነጥብ ታስተያያለች። የትኛው ወፈረ? የትኛው ቀጠነ? የወፈረው ነጥብ ብርሃኑ የጨመረ ኮከብ ነው፣ የቀጠነው የደበዘዘ። በዚህ ዓይን በሚያፈዝ ሥራ፣ የማጄላን ደመናዎች በሚባሉት የኮከብ ክምችቶች ውስጥ ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል 1,777 ኮከቦችን ለይታ በ1908 አሳተመች።

በ1912 ደግሞ ከእነዚህ መካከል 25ቱን ይዛ አንድ ሕግ አወጣች። ኮከቡ ደብዝዞ ተመልሶ እስኪደምቅ የሚፈጅበት ጊዜ በረዘመ መጠን የኮከቡ እውነተኛ ድምቀት ይበልጣል። ይህ በጣም ትልቅ ነገር ነው። ሰማይ ላይ ደብዛዛ ኮከብ ስናይ በእርግጥም ደካማ ይሁን ወይስ ከርቀቱ የተነሣ የደከመ ይምሰል መለየት አንችልም ነበር። ከሌቪት በኋላ ግን ብርሃኑ የሚመላለስበትን ጊዜ ቆጥረን እውነተኛ ድምቀቱን እናውቃለን፤ ለዓይናችን የደበዘዘበትን ያህል አስልተን ርቀቱን እንደርስበታለን። በጥቅምት 1923 ኤድዊን ሀብል የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ በአንድሮሜዳ «ጉም» ውስጥ ድንገት የፈነዱ መስለውት ምልክት ካደረገባቸው ኮከቦች አንዱን፣ ሌቪት ካጠናቻቸው ዓይነት ሆኖ አገኘው። የቀድሞ ምልክቱን ሰርዞ «ተለዋዋጭ!» ብሎ ከነቃለ አጋኖው ጻፈበት። ርቀቱን ሲያሰላ አንድሮሜዳ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ፣ እጅግ ርቆ የሚገኝ ሌላ ጋላክሲ ሆነ። የሻፕሊና የከርቲስ ክርክር በዚህ ተዘጋ።

ሌቪት ይህን አላየችም። በታኅሣሥ 1921 በካንሰር ሞታለች። በ1925 አንድ የስዊድን የሒሳብ ሊቅ ለኖቤል ሽልማት ሊጠቁማት ፈልጎ ደብዳቤ ሲጽፍ መሞቷን እንኳ አልሰማም ነበር። ታሪኳን ሳነሣ ሁልጊዜ ይቆጨኛል፤ የዩኒቨርስን ስፋት የገለጠልን ሥራ መስታወት ላይ ጥቃቅን ነጥቦችን ከማስተያየት የመጣ መሆኑም ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ከዚያ ወዲህ ያለው የሥነ ፈለክ ታሪክ በአብዛኛው ዩኒቨርሱ እየሰፋ፣ እኛ እያነስን የሄድንበት ታሪክ ነው። ቁጥሮቹን በፍጥነት ላልፋቸው። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ በውስጧ 1.3 ሚሊዮን ምድሮችን የሚያህል ስፋት አላት። ፍኖተ ሐሊብ ከዳር እስከ ዳር 100,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው)፤ ቢያንስ 100 ቢሊዮን ኮከቦች አሉት፣ ፀሐይም ከእነሱ አንዷ ናት። ዛሬ ማታ ከአንድሮሜዳ የሚደርሰን ብርሃን ጉዞውን የጀመረው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ የእኛ ዝርያ ገና በምድር ላይ አልታየም። በታኅሣሥ 1995 የሀብል ስም የተሰጠው የጠፈር ቴሌስኮፕ ባዶ በምትመስል፣ ከመላው ሰማይ 24 ሚሊዮንኛ በምትሆን ቁራጭ ላይ ለአሥር ቀናት እንዲያተኩር ተደረገ። ውድ የቴሌስኮፕ ጊዜ በባዶ ቦታ ላይ ይባክናል ብለው የተቃወሙ ነበሩ። በዚያች ቁራጭ ውስጥ ግን ወደ 3,000 የሚጠጉ ጋላክሲዎች ተገኙ።

ቮዬጀር 1 የተባለችው መንኮራኩር በየካቲት 1990 ከስድስት ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ወደ ኋላ ዞራ ያነሣችውን የምድር ፎቶግራፍም ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ይመስለኛል። ምድር በዚያ ምስል ላይ አንድ ሙሉ ነጥብ እንኳ አትሞላም። ይህችው መንኮራኩር በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። በዚህ ፍጥነት ለፀሐይ ቅርብ የሆነው ኮከብ ያለበትን ርቀት ለመጨረስ 75,000 ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። በሌሎች ኮከቦች ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕላኔቶች መገኘታቸውን የሰማ ሰው «አንዱ ጋ እንሄዳለን» ብሎ እንዳይጽናና ይህን ቁጥር አስባችሁ ያዙልኝ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ትንሽነት ነው። አሁን ወደ ምድር ልመለስ።

«ምድር በቀላሉ ተጎጂ ናት» ሲባል ምኗ እንደሚጎዳ ለይተን ብናውቅ ጥሩ ነው። ዐለቷ አይደለም። ምድር 4.5 ቢሊዮን ዓመት ኖራለች። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አለት ከጠፈር መጥቶ ሲመታት ዳይኖሰሮች አለቁ፤ እሷ ግን ፀሐይን መዞሯን አላቋረጠችም። የሚጎዳው ሕይወት ያለበት ልባስ ነው፤ እሱም ስስ ነው። ምን ያህል ስስ እንደሆነ በዓይነ ልቡና እንድታዩት፣ ምድር አንድ ሜትር ስፋት ያላት ኳስ ናት እንበል። በዚህች ኳስ ላይ የዓለም ረጅሙ ተራራ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። እጅግ ጥልቁ የባሕር ወለልም እንዲሁ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ጭረት ነው። ከአየሩ ግማሹ ከገጿ ግማሽ ሚሊ ሜትር በማትሞላ ከፍታ ውስጥ ታጭቋል። ጠፈር ይጀምርበታል የሚባለው የመቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ከኳሷ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። እኛ የምናውቀው ሕይወት በሙሉ፣ ዝናቡ፣ ሰብሉ፣ ደኑ፣ ዓሣው፣ ሰው የሠራው ከተማ ሁሉ ያለው በዚያች ሁለት ሚሊ ሜትር በማትሞላ ልባስ ውስጥ ነው።

ይህ ልባስ የተለየ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቬነስ በስፋት ከምድር ብዙም አታንስም። አየሯ ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ክብደቱ የእኛን 90 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ የገጿ ሙቀት እርሳስ የሚያቀልጥ 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በ1982 የሶቪየት ኅብረት ያሳረፈባት ቬኔራ 13 የሠራችው ለ127 ደቂቃ ብቻ ነው። ማርስ በተቃራኒው አየሯን አብዛኛውን አጥታለች፤ የቀራት ከእኛ አንድ በመቶ አይሞላም። ከጎረቤቶቻችን አንዷ በአየር ብዛት ተቃጠለች፣ ሌላዋ በአየር እጦት ደረቀች።

ታዲያ የእኛን አየር እንዲህ ተስማሚ ያደረገው ማን ነው? ትንሽ ነገር ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳየው ዋናው ማስረጃዬ ይኸው ነው። ምድር ስትፈጠር በአየሯ ውስጥ ነጻ ኦክስጅን አልነበረም። ኦክስጅን የሠሩልን በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። በውኃ ውስጥ እየኖሩ የፀሐይን ብርሃን ተመገቡ፣ ትርፉን ኦክስጅን ለቀቁ። ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኦክስጅን በከባቢ አየር ውስጥ መከማቸት ጀመረ። ቀስ በቀስም ሰማዩን ለወጡት። የእነዚሁ ዘመድ የሆነና ፕሮክሎሮኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ዛሬም በውቅያኖሶች ውስጥ ሞልቷል። መጠኑ የአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ እንኳ አይሆንም፤ በዚህም የተነሣ እስከ 1980ዎቹ ድረስ መኖሩን አላወቅንም ነበር። በምድር ላይ ብርሃን ከሚመገቡ ፍጥረታት ሁሉ በቁጥር የሚበልጠው ግን እሱ ነው። በየቀኑ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ቀላል የማይባለውን ድርሻ የሚያወጡት እነዚህ የባሕር ደቂቃን ናቸው። እንግዲህ «ትንሽ ፍጥረት ፕላኔት አይለውጥም» የሚል ሰው የተናገረበት ትንፋሽ ራሱ ይከራከረዋል።

ከዚያ ኦክስጅን ጥቂቱ ወደ ላይ ወጥቶ፣ በፀሐይ ጨረር ተሰንጥቆና ተቀናጅቶ ኦዞን ሆነ። ኦዞን ከፀሐይ የሚመጣውን አደገኛውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ውጦ ያስቀራል። ይህ ጋሻ ባይኖር ሕይወት ከውኃ ወጥቶ ደረቅ መሬት ላይ ሊንሰራፋ ባልቻለ ነበር። ጋሻው ምን ያህል ይወፍራል? ከራሳችን በላይ በከፍታው ሁሉ ተበታትኖ ያለውን ኦዞን ሰብስበን፣ እዚህ ታች ባለው የአየር ግፊት ብናነጥፈው፣ ውፍረቱ በአማካይ ሦስት ሚሊ ሜትር ነው። ጣቶቻችሁን አቀራርባችሁ ለኩት። ከፀሐይና ከእኛ መካከል የቆመው ጋሻ ያ ነው።

ይህን ጋሻ ደግሞ እኛ ልንበሳው ነበር።

በ1920ዎቹ የነበሩ ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት መርዛማ ወይም ተቀጣጣይ በሆኑ ጋዞች ነበር፤ ሲያፈስሱ ሰው ይገድሉ ነበር። በ1928 ቶማስ ሚጅሊ እና ባልደረቦቹ የማይመርዝ፣ የማይነድ፣ የማይሸት ጋዝ አበጁ። ክሎሮፍሎሮካርቦን ይባላል። ሰዎቹ ክፋት አልነበራቸውም፤ የሠሩት በጊዜው ሕይወት አዳኝ ነበር። ጋዙ ከምንም ነገር ጋር ስለማይዋሐድ ፍጹም ሰላማዊ ተባለ፤ በማቀዝቀዣ፣ በሽቶ መርጫ፣ በፍራሽ ስፖንጅ ሁሉ ገባ። ችግሩ የመጣውም ከዚሁ «ሰላማዊነቱ» ነው። ታች የሚያፈርሰው ነገር ስለሌለ ለአሥርት ዓመታት ሳይጠፋ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ የፀሐይ ጨረር ይሰብረውና ክሎሪን ይለቃል። አንዲት የክሎሪን አተም ከመድረኩ እስክትወገድ ድረስ እስከ መቶ ሺህ የሚደርሱ የኦዞን ሞለኪውሎችን ልታፈርስ ትችላለች። ይህን በ1974 በወረቀት ላይ ያሰሉት ማሪዮ ሞሊና እና ሼርዉድ ሮላንድ ናቸው። አምራቾች አጥብቀው ተከራከሯቸው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ኦዞን ሲጎዳ በዓይኑ ያየ ሰው ስላልነበረ ክርክሩ ጆሮ አገኘ።

ማስረጃው የመጣው ከአንታርክቲካ ነው። ሃሊ ቤይ በምትባለው የእንግሊዞች ጣቢያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በየጊዜው ኦዞን ይለካ ነበር። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ዓመት መጥቶ ዓመት ይሄዳል፣ ቁጥሩ ያው ነው። በኋላ ግን በየጥቅምቱ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ጆሴፍ ፋርማን እና ባልደረቦቹ መሣሪያው አርጅቶ ይሆናል ብለው ሌላ አስመጡ፤ አዲሱም ያንኑ ተናገረ። በግንቦት 1985 ውጤታቸውን ሲያሳትሙ፣ በፀደይ ወራት ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ የነበረው ጋሻ ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ተጠግቶ ነበር። ሳተላይቶችም ዝቅተኛውን ቁጥር መዝግበውት ነበር፤ ይሁን እንጂ ሊታመን የማይችል ስለመሰለ አጠራጣሪ ተብሎ ለብቻው ተቀምጦ ቆይቷል። በኋላም በ1990ዎቹ በአንዳንድ ቀናት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ወረደ።

እዚህ ላይ ረጋ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። አንድ ፕላኔት ጋሻዋን ልታጣ የተቃረበችው ከሽቶ መርጫና ከማቀዝቀዣ በሾለከ ጋዝ ነው። ጦርነት አልነበረም፣ ማንም ለጥፋት አልተነሣም። እያንዳንዱ ሰው የለቀቀው ከምንም የማይቆጠር ነበር።

የሞንትሪያል ስምምነት መስከረም 16 ቀን 1987 ተፈረመ፤ ከፋርማን ጽሑፍ ሁለት ዓመት ከአራት ወር በኋላ መሆኑ ነው። ያን ቀን ቀዳዳው በክሎሪን መፈጠሩ ሙሉ በሙሉ የተረጋገጠ አልነበረም። ፈራሚዎቹ እርግጠኛ እስኪሆኑ አልጠበቁም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት በዓለም ፖለቲካ ውስጥ ከስንት አንዴ ነው የሚታየው፤ ያኔ ታየ። ዛሬ የስምምነቱ አባል ያልሆነ የተባበሩት መንግሥታት አገር የለም። ሞሊና፣ ሮላንድ እና ቀደም ሲል ስለ ኦዞን ኬሚስትሪ የሠራው ፓውል ክሩትሰን በ1995 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ጋሻው አሁን እያገገመ ነው፤ ሳይንቲስቶች በ2023 መጀመሪያ ይፋ ባደረጉት ግምገማ መሠረት፣ አሁን ያለው ጥረት ከቀጠለ በአንታርክቲካ ላይ ወደ 1980 መጠኑ የሚመለሰው በ2066 ገደማ ነው። ሰው በሃምሳ ዓመት ያበላሸውን ለመጠገን ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ይፈጃል ማለት ነው።

ተረጋግቶ መተኛትም አልተቻለም። በ2018 ተመራማሪዎች ከተከለከሉት ጋዞች አንዱ በአየር ውስጥ የሚቀንስበት ፍጥነት ከ2012 ወዲህ መዘግየቱን አስታወቁ። አንድ ቦታ ላይ ሰው በድብቅ እያመረተ ነበር። ክትትሉ ቀጠለና በቀጣዩ ዓመት የልቀቱ ጭማሪ ትልቅ ድርሻ ከምሥራቅ ቻይና መምጣቱ ታወቀ፤ ከዚያ በኋላም ልቀቱ በፍጥነት ወረደ። በሌላ በኩል ክሎሮፍሎሮካርቦንን የተኩት ጋዞች ኦዞንን ባይነኩም ምድርን በኃይል የሚያሞቁ ሆነው ስለተገኙ፣ በ2016 ኪጋሊ ላይ ስምምነቱ ተሻሽሎ እነሱም እንዲቀነሱ ተወሰነ።

እንደዚሁ ምድርን የሚያሞቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ በዚህ ላይ ላታልላችሁ አልፈልግም። የኦዞን አጥፊው ጋዝ አምራቾች ጥቂት ነበሩ፣ ምትክም ተገኝቶለታል። ካርቦን ግን በመብራቱም፣ በመኪናውም፣ በሲሚንቶውም፣ በማሳውም ውስጥ አለ። ቢሆንም «እኛ ትንሽ ነን፣ ሰማዩ ሰፊ ነው» የሚለው መከራከሪያ እዚህም አያስኬድም፤ ስስነቱን አይተነዋል። ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር፣ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ 315ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 280 ገደማ ነበሩ። አሁን ከ420 በልጠዋል፤ ቁጥሩም በየዓመቱ ከፍ ማለቱን አላቆመም። ጥያቄና ውይይቱን ከዚህ ቁጥር ብንጀምረው ደስ ይለኛል።